እንደ ነዶ የታሰረው ገመድ

ትናንት በምኖርበት ፎቅ ኮሪደር ላይ የኢንተርኔት ገመድ የሚዘረጋ ባለሙያ የፕላስቲኩን ማሰሪያ በፒንሳ ጨምድዶ ሲያጠብቅ አየሁና «አላላው!» ብዬ ጮኽኩበት። ጎረቤቶቼ በራቸውን ከፍተው አዩኝ። ቁጣዬ ግን በእርሱ ላይ አልነበረም።

ገና ጎልማሳ ሳለሁ፣ ካልተሳሳትኩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ አዲስ ክሊኒክ የተዘረጉ የኮምፒውተር መስመሮችን እየለካሁ የማረጋገጥ ሥራ ነበረኝ። የሰሊጥ አጨዳ ያበቃበት ወቅት ነበርና ከተማው ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። ገመዱን የዘረጋው ከመተማ ቆላ ለአጨዳ መጥቶ የቀረው አያ መልኬ ነው። ሥራው ካማረ በክሊኒኩ በቋሚነት እንደሚቀጠር ቃል ተገብቶለት ስለነበር፣ ሚስቱንና ልጆቹን ለማምጣት ቀን ይቆጥር ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ገመዶቹን ሲያስር ቆሜ አየሁት።

«እንዴት ብታጠብቀው ነው እንዲህ የሚያምረው?» አልኩት።

«ባሽሙሐንዲስ፣» አለኝ፣ በሱዳኖቹ አጠራር ‹ኢንጂነር› ማለቱ ነው፤ «ሰሊጥ ላልቶ ከታሰረ ፍሬው መሬት ይቀራል። እኔ ያሰርኩትን ነዶ አህያ ብትረግጠውም አይፈታ!»

ሳቅን። ያመሰገንኩትም ይመስለኛል። «ይመስለኛል» ማለቴ ትዝታዬን ስለምጠራጠር ነው፤ ወይም መጠራጠሩ ስለሚመቸኝ።

ስለካ፣ ከሃያ አራቱ መስመሮች ሃያ ሦስቱ ወደቁ። በገመዱ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገመዱት ሽቦዎች ሲጨፈለቁ የአንዱ መልእክት ወደ ሌላው ይፈስሳል። ያለፈችው ሳትታሰር ለብቻዋ የተዘረጋችው ነበረች።

የዝርጋታውን ሥራ የያዘው ተቋራጭ ሱዳን ያደገ ሐበሻ ነበር። «ባሽሙሐንዲስ፣ ያለፈችዋን ሃያ አራት ጊዜ ለካትና ስሟን ቀያይር። ኸላስ፣ አለቀ! ማን ያነበዋል?»

እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። እምቢ አልኩ። በኩራት «ጉድለቱ የአሳሪው ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሙንም ጨመርኩ። ተቋራጩ ወረቀቱን አነበበና አያ መልኬን በዚያው ሰዓት አባረረው።

አያ መልኬ በሩ ላይ ቆም አለ። «መሣሪያህስ አልዋሸም። አንተ ግን ሳስር እያየህ ‹እጅህን ይባርከው› አላልከኝም?»

ማሰሪያዎቹን አላላሁ፣ የተጎዱትን ገመዶች አስቀየርኩ፣ እንደገና ለካሁ፤ ሁሉም አለፉ። በማረጋገጫው ግርጌ የእኔ ፊርማ ብቻ ሰፈረ።

ተቋራጩ ወረቀት ላይ እንድዋሽ ጠየቀኝና ተቆጣሁ። ሲያስር ማየቴንና ማመስገኔን ደብቄ በሰው ላይ ስዋሽ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ትናንት ኮሪደሩን ያናወጥኩባት ቃል አንዲት ናት፤ ያኔ በመጀመሪያው ቀን፣ ያለ ጩኸት፣ ቀስ ብዬ ብላት ይበቃ ነበር።