የሻምበሉ ድንጋይ

የታሰርኩት ሕገ መንግሥት አስተምረሃል ተብዬ ነው። ቀልድ አይደለም። መጽሐፉን ያሳተመው መንግሥት ነው፤ ለትምህርት ቤታችን የላከውም ያው መንግሥት ነው፤ አስተምሩት ያለንም እሱው። እኔ ለተማሪዎቼ ያነበብኩላቸው ስለተያዘ ሰው የሚናገረውን አንቀጽ ነበር፤ ማንም ቢታሰር በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለውን። በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች ጠመኔው በእጄ እንዳለ ከሰሌዳው ፊት ወሰዱኝ። ከዚያ በኋላ ዳኛ የሚባል ፍጡር ሳላይ ክረምቱ ገብቶ ወጣ።

ጣቢያው ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነበር። ያስገቡኝ ክፍል በጣሊያን ጊዜ የበቅሎ ጋጣ የነበረ ነው፤ የማሰሪያው ቀለበት እንኳ ከግድግዳው አልተነቀለም። መስኮት የለውም። በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት ትንሽ ብርሃንና የመድኃኔዓለም ደወል ይገባል። ስለ ትኋኑ አላወራም፤ በዚያ ጣቢያ ሥራውን በቅጡ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ክፍሉን የሚጋሩኝ አንድ የጎጃም ሽማግሌ ነበሩ፤ ከአንድ ባለርስት ጋር በድንበር ተካሰው የገቡ።

"ለመጀመሪያ ጊዜዎ ነው?" አልኳቸው።

"ሦስተኛዬ ነው ልጄ። ሁለቱን ጊዜ ድንጋዩን ተሸክሜ ወጣሁ።"

ድንጋዩ ግቢው መሐል፣ ከባንዲራው ሥር ነው የሚቀመጠው። ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። የተከበረ ወግ ነው፤ ስንት ደም አድርቋል። የጣቢያው አዛዥ ሻምበሉ ይህን ወግ አንስቶ የራሱ መጫወቻ አደረገው። ከጣቢያው የሚወጣ ሁሉ፣ አጠፋም አላጠፋም፣ ድንጋዩን በትከሻው ይዞ ሻምበሉ ቢሮ ደጅ ላይ ይንበረከክና "ይማሩኝ ጌታዬ" ይላል። እሱ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ ሻዩን እየማገ "ምሬሃለሁ፣ ሂድ" ይላል። ሰውየው ከዚህ ሌላ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም። ድንጋዩም ከትከሻ ብዛት ልሞ ነበር።

ባለቤቴ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሆዷ እየገፋ፣ በዚያ ጭቃ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ደጅ ስትጠና ከረመች። በመጨረሻ አንድ ዳኛ አቤቱታዋን ሰምቶ ወሰነ። ዳኛ ፊት ሳይቀርብ የከረመ ሰው እስሩ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው፤ ፖሊስ አሳሪም ፈራጅም ሊሆን አይችልም፤ ያለ አንዳች ግዴታ ይለቀቅ አለ። በዚያ በንጉሡ ዘመን እንዲህ ብሎ መጻፍ እንጀራን መድፋት ነው። ጻፈው።

ትእዛዙ ጣቢያው የደረሰ ቀን ረፋዱ ላይ ጠርተው አወጡኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ሻምበሉ እንደ ልማዱ ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ የፍርድ ቤቱን ወረቀት የሻይ ብርጭቆው ማስቀመጫ አድርጎታል። ባለቤቴ ምሳ ዕቃዋን ይዛ የግቢው በር ላይ ቆማለች።

"ፍርድ ቤቱ ፈቶሃል" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"እኔ ግን ገና አልማርኩህም።" በአገጩ ወደ ድንጋዩ አመለከተኝ።

"ውሳኔው ያለ ግዴታ ይላል፣ ሻምበል።"

"ይላል። ዳኛው ያለው ከተማ ነው። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።"

አልዋሽም፣ ልሸከመው ቃጥቶኝ ነበር። ሽማግሌውም ከጋጣው በር ሥር "ተሸከመውና ውጣ ልጄ፤ ሚስትህ መውለጃዋ ደርሷል" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ሻምበሉ ይኼን ጊዜ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ኮቱን ሳብ አደረገ፤ ለምሕረቱ ሥርዓት ተሰናዳ። ያንን ሳይ ደሜ ፈላ። ምኔን ነው የሚምረኝ? የሚማር እኮ ያጠፋ ሰው ነው። ዳኛ ያለ ግዴታ ይለቀቅ ያለልኝ ሰው፣ ለዚህ ሻይ ጠጪ በገዛ ትከሻዬ አጥፍቻለሁ ልበለው?

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩበት፤ እግሬን ዘርግቼ።

ሻምበሉ ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን አንዴ እኔን አንዴ ድንጋዩን ያያል። ለዚህ የሚሆን ደንብ አልነበረውማ። ባለቤቴ ጠባቂውን በክንዷ ገፋ አድርጋ ገባች። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ምሳ ዕቃውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ብላ" አለችኝ።

ወደ ሻምበሉ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ጣቢያው በሙሉ ቆሞ እያየ አንድም ሳላስተርፍ በላሁ።

ከዚያ ወደ ጋጣው መለሱኝ። ሽማግሌው "ሁለቴ ተሸክሜው፣ ሰው እንደሚቀመጥበት አንድ ቀን አላሰብኩም" አሉ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው እኔ እዚያው እያለሁ ነው። እሷን ሳላቅፍ የቀረሁባቸው ቀናት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። በኋላ አንድ ጠዋት በሩን ከፍተው "ውጣ" አሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም። ሻምበሉ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ድንጋዩን አልፌ ወጣሁ።

በቅርቡ አንዲት የሕግ ተማሪ ቤቴ መጣች። ውሳኔውን በትምህርት ቤታቸው እንደ ትልቅ ነገር ያነሡታል አሉ፤ የዜጋን መብት ያስከበረ፣ የመንግሥትን ሥልጣን የገደበ ፍርድ። ዳኛውን ነፍሱን ይማረው። ፍርዱ ግን የአንድ ሻምበል ደጅ አላለፈም፤ ይህን መጽሐፋቸው አይነግራቸውም።

"ፍርድ ቤቱ ነጻ ሲያወጣዎት ምን አደረጉ፣ ጋሼ?" አለችኝ ብዕሯን ይዛ።

"ምሳዬን በላሁ" አልኳት።

የቀለድኩባት መስሏት ሳቀች። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ "እውነቱን ነው ልጄ፣ ጻፊው። ሽሮ ነበር" አለቻት።