ሳይጨረስ የቀረው ጭንቅላቴ

ጸጉር አስተካካያችንን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው። አፉ ከመቀሱ ይፈጥናል። ከዓመታት በፊት ሐኪሞች ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ሥር፣ ክብሪት የምታክል መሣሪያ ቀብረውለታል፤ የልቡ ምት ሲዛባ በኤሌክትሪክ ነዝራ የምታስተካክል። ስሰጋለት «አይዞህ፣ የጀመርኩትን ጭንቅላት ሳልጨርስ አልሞትም» ይለኛል።

በቅርቡ ጉንፋን ያዘው። ሚስቱ «ተኛ» ብትለው «ጉንፋን ደግሞ በሽታ ሆኖ ነው!» ብሎ ሱቁን ከፈተ። አፉን በጭምብል ሸፍኖ የጭንቅላቴን ቀኝ ጎን ላጨ። አማቹን እያማልኝ ሳለ ድንገት ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ካለ ነገር አለ። በመስታወቱ አየሁት፤ ምላጩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወዲያው በቅሎ እንደረገጠችው ሰው ዘለለና ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

ፎጣውን ከአንገቴ ሳልፈታ በታክሲ ሐኪም ቤት አደረስኩት። ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና «ታማሚው የትኛው ነው?» አለች። ሐኪሟ ግን አልቀለደችም።

«ጉንፋን የመሰለዎት ቫይረስ የልብዎን ጡንቻ አስቆጥቶታል፤ ምቱ የተዛባው ለዚያ ነው። መሣሪያዋ ባትኖር ዛሬ አንነጋገርም ነበር።»

መድኃኒቱን እየዋጠ ቤት ተቀመጠ። በኋላ ሐኪሟ «ሥራ መጀመር ይችላሉ» ብትለውም ሱቁን አልከፍትም አለ። ሚስቱ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። ያ ሐሜቱ እንኳን ናፈቀኝ!»

ሄድኩ።

«ስሠራ ቢነዝረኝስ? የሰው አንገት እኮ ነው የምይዘው» አለኝ።

«ያን ቀንስ ምላጩን አስቀምጠህ አይደል የወደቅከው? ደግሞ ከፈራህ በቶንዶስ ጨርሰው» አልኩና ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ግራው ጫካ፣ ቀኙ ገና ቡቃያ። ሚስቱ ሳቋ አመለጣት።

«እስካሁን እንዲህ ሆነህ ነው የምትዞረው?»

«ታዲያስ! ሌላ ሰው ጨርሶት ብትሞትብኝስ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አላስቻለኝም።

በማግስቱ ሱቁን ከፈተ። ቶንዶሱን ይዞ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ግንባሬ ጋ ሲደርስ የአማቹን ሐሜት ካቆመበት ቀጠለ። ሲጨርስ ጭንቅላቴን ዳበስኩት። ከጆሮዬ ጀርባ አንዲት ቁንጮ ቀርታለች።

«ይቺንስ?»

«እሷን ሳምንት» አለ፣ ፎጣውን እያራገፈ።