ወረቀት የለበሰው መስኮት

የባሌን እህት ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሯ» ይላታል። የልክ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ገበያም ትሄድበታለች። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት አብሬያት ሄጄ፣ ሕመሟን ረስታ የሐኪሙን ትከሻ በዓይኗ ስትለካ ይዣታለሁ። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራለች፤ እምቢ ማለት ግን አልፈጠረባትም።

ለክፉ ቀን መዘጋጃ ተብሎ የጨለማ ልምምድ የታወጀ ጊዜ ትእዛዙ አጭር ነበር። ከሐሙስ ምሽት ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ከማንም መስኮት ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይታይ፤ የታየበት ቤት ሳምንቱ እስኪያልቅ መብራቱ ይቆረጣል። ተቆጣጣሪ ሆኖ የተመረጠው ሜትሯ ካለችበት ፎቅ ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ፊሽካ ሰጡት፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታውም በፊሽካ ሆነ።

ሌላው ሰው መብራቱ ቢቆረጥ በሻማ ያመሻል። የሜትሯ ልጅ ሰርግ ግን እሑድ ነው፤ ቬሎው ገና እጅጌ የለውም፤ የስፌት መኪናዋም ያለ ኤሌክትሪክ አትንቀሳቀስም።

መጀመሪያ የራስሽን መስኮት ሸፍኚ አልኳት። እሺ አለችኝ። እሺ ማለት እሷን ምን ያስቸግራታል። አንድ ጥቅል ጥቁር ገበር ነበራት፤ ጎረቤቱ ተራ በተራ መጣ። ለአንዱ ሳሎን፣ ለሌላዋ መኝታ ቤት፣ ብቻቸውን ለሚኖሩት አዛውንት የመታጠቢያ ቤታቸውን መስኮት ሳይቀር ለክታ ሰፋች። ለሁሉም ምክር ትመርቃለች፤ ቀን በፀሐይ ከውስጥ ቆማችሁ ሞክሩት፣ ብርሃን ከገባ ብርሃን ይወጣል ትላለች። ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻዋን ቁራጭ ለሹፌሩ ወጥ ቤት ሰጠችው። «ማታ እንዳታሳፍሪኝ» ብሏት ሄደ።

የቀራት ነጩ የቬሎ ጨርቅ ብቻ ነው። ምን ይሻላል ስላት ከአልጋ ሥር የቅድ ወረቀቶቿን ጎተተች። የሠላሳ ዓመት ደንበኛ ልክ በቡናማ ወረቀት ተቆርጦ እዚያ ተከማችቷል፤ የዚህ ጀርባ፣ የዚያ እጅጌ፣ የአንዷ ዳሌ፤ የማን እንደሆነና ልኩ በላዩ ተጽፎ። እሷ ስታቀብለኝ እኔ ስለጥፍ ሁለት ሁለት ደርበን መስኮቱን ሞላነው። ቤቱ ከውስጥ ንጹሕ እንዲመስል ጽሑፍ ያለበትን ፊት ወደ መስታወቱ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ለሰው ስትመክር የሰነበተችውን የቀን ሙከራ ለራሷ ረሳችው። እኔም አላስታወስኳት፤ ክንዴ ዝሎ ነበር።

ጀንበር ስትጠልቅ መብራቱን አብርታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ወደ ቤቴ ልሄድ ወረድኩ። ጎረቤቱ ጨለማውን ሊያይ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ቀና አልኩ። መስኮቱ ሁሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ የሜትሯ ብቻ እንደ ማር ያበራል። በብርሃኑ ላይ የሰፈሩ ሰው ገላ ተበታትኖ ተሰቅሏል፤ በወፍራም ቀለም የጻፈችውም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ትምህርቴን ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ ያን ግን ሳልንተባተብ አነበብኩት። መሀል ላይ «ሹፌሩ፣ ወገብ 118፣ መጨመሩ አይቀርምና ሰፋ ይደረግ» ይላል።

ሹፌሩ ፊሽካውን ወደ አፉ እያስጠጋ መጣና ቀና አለ። ፊሽካው ከንፈሩ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ከመንፋትዎ በፊት ሆድዎን ሳብ ያድርጉ» አለች አንዷ። ከላይ በስተቀኝ የተሰቀለው ዳሌ የእሷ መሆኑን ገና አላየችም።

ሹፌሩ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ እሑድ ሰርግ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ እየነገርኩ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ገብቶ የለበሰውን ካፖርት አወለቀ፣ በርጩማ ላይ ቆመ፣ መርፌ ቁልፍ አምጡ አለ።

ሜትሯ የቬሎውን እጅጌ እንደያዘች ከመኪናዋ ተነሳች። «ጋሼ፣ መብራቴ ሊቆረጥ ነው?»

«ምን ታየና ነው የሚቆረጠው?» አላት፣ ሳይዞር።

ካፖርቱ መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው፤ አንዲት ክር ብርሃን አላሳለፈም። የሰፋችው እሷ ናት፤ ሰፋ አድርጋ።

እሑድ ሙሽራዋ ሁለት እጅጌ ነበራት። ሹፌሩ በዚያ ብርድ ያለ ካፖርት መጣ፤ ሳምንቱ ገና አላለቀም ነበርና።