የአባቴ ፈረስ በስብሰባ ላይ

የእናቴ እንቅርት እያደገ ሄዶ ጋደም ስትል ያፍናት ጀመር። ጤና ጣቢያው ለቀዶ ጥገና ሪፈር ሊጽፍላት ዝግጁ ነበር፤ እኛ ግን የጤና መድን መታወቂያችንን ማሳደስ ካቆምን ቆይተናል። መዋጮው ጨምሯል። አባቴ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነው፤ ከግብሩና ከፈረሱ መኖ የሚተርፈው ለአፋችን ብቻ ነበር። የቀረን መንገድ መንግሥት መዋጮ ከሚከፍልላቸው ድሆች ጋር መቆጠር ነው።

ማን ድሃ እንደሆነ የሚጸድቀው በቀበሌ ስብሰባ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። የፈራሁት ፈረሱን ነበር፤ ፈረስ ያለው ድሃ አይባልም። ጎረቤታችን ቀድሞ ተነሥቶ የፈረሱን ማርጀት እንዲናገርልን ለመንሁት። ውሸት አልነበረም፤ ዳገት ላይ የግራ የፊት እግሩን ያነክሳል። አባቴን ደግሞ "አባዬ፣ አንተ ዝም ብቻ በል" አልሁት።

ስማችን ሲነበብ ከኋላ አንዲት ሴት "ባለ ፈረስ ናቸው እኮ!" አለች።

ጎረቤታችን ተነሣ። "የትኛው ፈረስ? ያ አጥንት? ጅብ እንኳ አግኝቶት አዝኖለት ነው ያለፈው!"

ሰው ሣቀ። ሊቀ መንበሩም ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን አነሣ። አልቆልን ነበር። ጎረቤታችን ግን ሣቁ ጣመውና ቀጠለ፦ "ጋሪውን የሚጎትተው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ፈረሱ ተደግፎት ነው የሚሄደው!"

አባቴ ሲነሣ ጋቢውን ያዝሁት። አስለቀቀኝ።

"ይሄ ፈረስ በፈረሰኞች በዓል ከፊት የነበረ ፈረስ ነው። ዛሬም ቆሰበር ድረስ ሳያርፍ ያደርሰኛል። ውጭ ታስሯል፤ ውጡና እዩት!"

"እንዲህ ከሆነማ፣ አባት፣ እርስዎ ደኅና ነዎት" አለ ሊቀ መንበሩ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

እናቴ ውጭ ጋሪው ላይ ሆና ትጠብቀን ነበር።

"እንዴት ሆነ?"

"ፈረሱ ደኅና ነው ተባለ።"

"ማን አለ?"

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ልጓሙን ያስተካክላል። እናቴ አየችው።

"ሰደቡበት?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"እና ዝም ይበል?" አለች፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠመጠመች።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ እኔና አባቴ ወርደን እንገፋለን። የዚያን ቀን ግን የስብሰባው ሰው ከኋላችን እየመጣ ነበር። ማናችንም አልወረድንም። ፈረሱ እያነከሰ ወጣ። የእናቴ ትንፋሽ ከኋላዬ ሲያፏጭ እየሰማሁ ፊት ለፊት እመለከት ነበር።