ስቲከር የተለጠፈበት ወተት

ሰውዬውን ከናይሮቢ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። አልዋሽም። ገና ላፕቶፑን ሳይከፍት ነው የጠላሁት። ኋላ የሠራው ሥራ ደግሞ ጥላቻዬ ልክ እንደነበር መሰከረልኝ።

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ትንሽ ኮምፒውተር ቤት ነበረችኝ። ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ፎቶኮፒ አነሳለሁ፣ የተበላሸ እጠግናለሁ። ፉንዲ ይሉኛል፤ ጠጋኝ ማለታቸው ነው። እንግዲህ የኮምፒውተር ጠላት ነው እንዳትሉኝ። እንጀራዬ ነው።

ታላቅ እህቴ የግመል ወተት ትነግድ ነበር። ባሏ ከከተማችን ራቅ ብሎ ያለው ቆላ፣ የጎልቦ ሰው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግመሎቹን ወንድሙ እየጠበቀ፣ ወተቱን በጀሪካን ሞልቶ ከተማ ይልክላታል። እሷም ባዶውን መልሳ ትልካለች። እሷና መሰሎቿ ማኅበር ገብተው ባንድ ላይ ፒካፕ ተከራይተዋል፤ ማኅበርተኛ ያልሆነች ጀሪካኗ አይጫንላትም። በዚያ ወተት ነው እህቴ ልጇን ማርሳቢት አዳሪ ትምህርት ቤት የምታስተምረው። ልጅቷ ለእረፍት መጥታ በእንግሊዝኛ ስታነብ እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ አፍ አፏን ታያታለች። አንድ ቃል አይገባትም፤ ግን ንቅንቅ አትልም። ዓለሟ ያቺ ልጅ ነበረች።

የሴቶቹ ችግር አንድ ነበር። መኪናው ከጎልቦ ይነሳ አይነሳ፣ መንገድ ላይ ይሰበር አይሰበር የሚነግራቸው የለም። ፀሐይ ላይ ተኮልኩለው ሲጠብቁ ደንበኛው ሰልችቶት ይሄዳል። አንድ እርዳታ ድርጅት በቴክኖሎጂ እንርዳችሁ አለና ይሄን ሰውዬ ላከብን።

ስብሰባው ላይ ስለ ፕላትፎርም አወራ፣ ስለ ኢንተግሬትድ ሲስተም አወራ። ሶሉሽን ያላለበት ዓረፍተ ነገር የለም። ሴቶቹ እዚያው በዚያው ቡዋና ሶሉሽን፣ አቶ መፍትሔ፣ አሉት። እኔ እጄን አወጣሁ። "ጎልቦ ኮረብታው ላይ ኔትወርክ አለ። አንድ ሞባይል እዚያ፣ አንድ እዚህ ይቀመጥ። መኪናው ሲነሳ አንዴ ደውለው ይዝጉት፤ ከተሰበረ ሁለቴ። በቃ!"

ሳቀብኝ። "ፉንዲ፣ ሚስኮል እኮ ሶሉሽን አይባልም" አለኝ በሴቶቹ ፊት። ደሜ ፈላ።

ያመጣልን ጉድ ስቲከር ነው። በየጀሪካኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ስቲከር ይለጠፋል፤ የማኅበሩ በር ላይ ማሽን ያነበዋል፤ ወተቱ የማን እንደሆነ ኮምፒውተሩ ይናገራል። እንዴ! የማን እንደሆነማ ለማን ጠፋው? እያንዳንዷ ጀሪካኗ እጀታ ላይ የራሷን ጨርቅ አስራለች። የእህቴ ቀይ ነበር፤ መኪናው ገና ሳይቆም ትለየዋለች።

የግመል ወተት ያንን ሁሉ ሙቀት የሚችለው በጢስ ነው። እህቴ ባዶውን ጀሪካን ወደ ጎልቦ ከመላኳ በፊት የሚጤስ እንጨት ትከትበትና ክዳኑን ገጥማ እየወዘወዘች ታጥነዋለች። ያልታጠነ ጀሪካን ወተቱን መንገድ ላይ ያጎመዝዘዋል። የኛ ከተማ ሰው ደግሞ ጢስ ጢስ ካላለው ወተት አይለውም። ታዲያ ጀሪካኑ ሲግል ስቲከሩ ተጨማዶ መላጥ ጀመረ። ቡዋና ሶሉሽን ተቆጣ። ስቲከሩ የተላጠ ጀሪካን መኪና ላይ አይወጣም ብሎ ደነገገ። እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት አላቸው።

ጠበቁት። ማጠን አቆሙ።

እህቴ ቤት ሮጥኩ። "እትዬ፣ በሞቴ አጥኚው! ስቲከሩ ገደል ይግባ!"

"ጀሪካኔን ከመኪና ሲያወርዱት አንተ በጀርባህ ታመጣልኛለህ?" አለችኝ። "ልጄ ትምህርት ላይ ናት። አፍህን ዝጋ።"

ወደ ሰውዬው ሄድኩና ነገሩን እንደ ሕፃን አስረዳሁት። "ይሄ የባህሪ ለውጥ ጉዳይ ነው፤ ሥልጠና እንሰጣለን" አለኝ። ኤዲያ! ወተት ነው የሚሠለጥነው?

ወተቱ ጎመዘዘ። ለዓመታት የእህቴ ደንበኛ የነበረው ባለ ሻይ ቤት አንዴ ቀመሰና ተፋው። ከዚያ ወዲያ ከኦዳ መንደር በአህያ የሚመጣውን፣ ስቲከር ያላየውን የታጠነ ወተት መግዛት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሁሉም ሰላም ነበር፤ ወተቱ ገብቷል ይላል፣ የእከሊት ነው ይላል። መጎምዘዙን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ልጅቷ ለእረፍት መጣች። ትምህርት ሲከፈት ጓደኞቿ ሄዱ፤ እሷ ቀረች። እህቴ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። እኔ ግን ለሚሰማም ለማይሰማም ተናገርኩ።

ሥራው ሲያልቅ ሰውዬው ካሜራ አንጠልጥሎ ለመጨረሻ ሪፖርቱ መጣ። ልጅቷ እናቷን ልታግዝ የማኅበሩ በር ላይ ቆማለች። ማሽኑን አንስታ ጀሪካን ስታነብ አያት፤ ኮምፒውተሩ የጻፈውን ጠየቃት፤ በጥሩ እንግሊዝኛ መለሰችለት። ፊቱ በራ።

"ሲስተሙ የሚገባው ሰው አጣሁ እያልኩ! ይቺን ቀጥረናታል" አለ። "በቴክኖሎጂ ሥራ ያገኘች ወጣት!" ብሎ ወዲያው ጻፈው። ማሽኑን ደረቷ ላይ አስያዛትና "ሳቅ በይ" አላት።

እኔ አልቻልኩም። "አንተ ሰውዬ! ይቺ ልጅ እዚህ የቆመችው ስቲከርህ ከክፍሏ ስላስወጣት ነው! አይገባህም?"

"ፉንዲ፣ ዞር በል፣ ፎቶው ውስጥ ገባህ" አለኝ።

ልጅቷ ሳቀች። ሳቂ ተባለች፣ ሳቀች። ካሜራው ቀጭ አለ። ያኔ እህቴ መጣችና ማሽኑን ከልጇ እጅ ወስዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እንዲገባው ብላ በዚያ ስብርብር ባለ ስዋሂሊዋ ነው የተናገረችው።

"ልጄ ሥራ አልጠየቀችህም። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒፎርሟን ታጥባለች።"

ገባው። ፊቱ ላይ አየሁት። ካሜራውን አጠፋና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ፎቶውን ግን አልሰረዘውም።