ፖኒዲ ያልዋሸበት ቀን

እዚህ ኢንዶኔዥያ፣ ጆግጃ ከተማ ገብተህ ጎበዝ ጋሪ ነጂ ማነው ብለህ ብትጠይቅ መጀመሪያ የሚጠሩልህ የእኔን ስም ነው፤ ዋጊራን። ሌላ ስም የጠራልህ ካለ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ተወው። አርባ አንድ ዓመት ባለ ሦስት ጎማ የፔዳል ጋሪ ነድቻለሁ፤ ተሳፋሪው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሚኒስትር አሳፍሬ አውቃለሁ። የሚቀኑብኝ ሰዎች የሚኒስትሩ ወንድም ነበር ይላሉ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ የቆጠሩትን ግን በማጅራታቸው አውቃቸዋለሁ። ማጅራት አይቶ የሰው ጠባይ መናገር ያቃተው ምኑን ጋሪ ነጂ ሆነ!

የማወራችሁ ግን ስለ ፖኒዲ ነው። ስለ እኔማ ቢጀመር አያልቅም።

ፖኒዲ በንጉሡ ግቢ በር ላይ ከእኔ ቀጥሎ ሠላሳ አራት ዓመት የቆመ ሰው ነው። ቀጭን፣ አንድ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት የሆነው። ሥራው ሁለት ነው፤ መንዳትና መዋሸት። በመንዳት እበልጠዋለሁ። በመዋሸት የሚደርስበት የለም። የግቢውን በር ጠዋት ለመጣ ቱሪስት ሦስት መቶ ዓመቱ ነው ይላል፤ ከምሳ በኋላ ለመጣው አምስት መቶ ይሞላዋል። በሩም አብሮት ምሳ የሚበላ ይመስል! የጥንት ነገሥታት በሚዋኙበት ገንዳ ውስጥ የሚሰግድ አዞ ነበር ብሎ አንዲት ፈረንሳዊት አስለቅሷል። ለምን አለቀሰች? አዞው ሞተ ሲላት ነዋ።

እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ጊያርቲን ወደደ። ጊያርቲ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በደቡቡ አደባባይ ትኩስ የዝንጅብል መጠጥ ትሸጣለች፣ በጎን የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ታከራያለች። ጨርቁ ለምን? አደባባዩ መሀል ሁለት ዋርካ አለ። ዓይንህን ታስረህ ከሰሜን ተነስተህ በሁለቱ መሀል ካለፍክ ልብህ ንጹሕ ነው። ልቡ የቆሸሸ ወደ ጎን ይጠማል። እኔ በመጀመሪያው አልፌያለሁ። ያየኝ ሰው የለም እንጂ።

"ዩ ጊያርቲ፣ እንጋባ" አላት። ሴት ስናከብር ዩ ነው የምንለው፣ ወንዱን ካንግ።

"ካንግ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የዋሸ ምላስ ለእኔ ሲሆን እውነት መናገሩን በምን ልወቅ?" አለችው። "በዋርካዎቹ መሀል እለፍ፣ ያኔ እሺ።"

አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረ። አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ጠመመ። አንዴማ እዚያው በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ከሰል ላይ ወጣ፤ ጫማው እስከ ዛሬ እሸት እሸት ይላል።

በመሀል ጊዜው አለቀ። ልጇ የልጅ ልጆችሽን ጠብቂ ብሎ ሱራባያ ሊወስዳት ነገ ሊመጣ ሆነ። ባል ያላትን ሴት ማን ይነካታል! ባል የሌላት ግን እንደ ሻንጣ ናት፣ ያሰኘው ይጭናታል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሰርግ የማይደገስበት የሱሮ ወር ይገባል። በሱሮ ያገባ ሰው አላውቅም፤ የማውቀው አንዱም ተፋቷል።

የዚያን ቀን ጠዋት ፖኒዲ ፊቱን በሳሙና ታጥቦ መጣ።

"ካንግ ዋጊራን፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አልዋሽም። እስከ ማታ ልቤ ይጥራል።"

"ምሳ በምን ልትበላ ነው?" አልኩት።

ምራቁን ሳይውጥ አንዲት ቱሪስት መጣች። አኔኬ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች ሆላንዳዊት አስተማሪ። ቅድመ አያቶቿ ስንት ዘመን ገዝተው አልጠግብ ያሉትን አገር እሷ በአንድ ቀን ልትጨርሰው ነው። ቋንቋችንን ከመጽሐፍ ስለተማረች እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታወራው። እሷ በፖኒዲ ጋሪ ወጣች፣ ሻንጣዋ በእኔ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ተሳፋሪ አልገጠመኝም፤ አይጠይቅ፣ ፎቶ አያነሳ፣ ሽንት ቤት የት ነው አይል።

"ይህ በር የስንት ዓመት ዕድሜ አለው?" አለች፣ ደብተሯን ገልጣ።

ፖኒዲ አፉን ከፈተ። ዘጋ። አላበው። እኛ ጋ ደግሞ አላውቅም ማለት ነውር ነው። መንገድ የጠየቀህን ሰው አላውቅም ከምትለው ወንዝ ውስጥ ብትልከው ይሻላል፤ ቢያንስ በፈገግታ ይሄዳል።

"ገና... ገና አላወቅኩም" አላት።

ገና! ሠላሳ አራት ዓመት ተደግፎ የቆመውን በር!

"አምስት መቶ ዓመት!" ብዬ ከኋላ ጮህኩ።

"ካንግ፣ በአላህ ተው!" አለኝ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ገንዳው ጋ ደረስን። "ነገሥታቱ እዚህ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ሳይዋኙ አይቀሩም። ገና አላየሁም።"

ሴትዮዋ ደብተሯን ዘጋች። ከቦርሳዋ ወፍራም መጽሐፍ አወጣችና እሷ እሱን ታስጎበኘው ጀመር። ፖኒዲ አፉን ከፍቶ ሲሰማ የጎደለው ጥርሱ ይታያል። በመጨረሻ፣ "እኔ ለሰው አዞ ነበረ እል ነበር" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ምን አዞ?" ዓይኗ በራ።

"ውሸት ነው።"

"ንገረኛ!"

"ዛሬ አልችልም።"

ምሳ ላይ ጉዴግ ስንበላ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ምስጢር እኔ ጋ አይመቸውም። ጣፋጩን ወጥ ትታ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሰማችኝ። "በሉ ወደ አደባባዩ እንሂድ፣ የቀረው ቦታ ይቅር" አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ የቀረው ቦታ ዳገት አለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ጊያርቲ ፖኒዲን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ምነው ካንግ፣ ፊትህ?"

"ቀኑን ሙሉ እውነት ተናገርኩ።"

"አሞሃል እንዴ?"

ጨርቁን ራሷ አሰረችለት። አሥራ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ሄደ። ጥሩ ጀመረ፣ አሥር እርምጃ፣ ሃያ። ከዚያ አንገቱ ዞር፣ እግሩ ዞር። "ወደ ምዕራብ! ወደ ምዕራብ!" ብሎ ሰው ሁሉ ይጮኻል። እሱ ወደ ምሥራቅ። በቆሎ ጠባሿ ምድጃዋን አስቀድማ አንስታ ነበር፣ ልማዱን ታውቃለች።

ፖኒዲ ጨርቁን ፈታና የት እንደቆመ አየ። ማንም አልሳቀም። ጊያርቲ ብርጭቆዎቿን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።

"ልጅሽ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" አላት።

"በጠዋቱ ባቡር።"

እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። ሲሄድ ሁለት እጁ ከፊቱ ተዘርግቶ አየር ጨብጧል። የጋሪ እጀታ የሚይዝ ነው የሚመስለው! ሰውዬው ለካ ያለ ጋሪው መሄድ አያውቅም።

"ጋሪውን ስጡት!" ብዬ ጮህኩ። በቆሎ ጠባሿ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያልኩት ትላለች። ውሸቷን ነው።

"ጋሪ አልተባለም" አለች ጊያርቲ።

"አይቻልም መች አልሽ?" አልኳት።

ጊያርቲ ብርጭቆውን አስቀመጠችው። አኔኬ ጋሪው ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ውረጂ ብላት "አልወርድም" አለች። ይሄን ከመጽሐፍ አልተማረችውም።

ፖኒዲ ዓይኑ ታስሮ ኮርቻው ላይ ወጣ። እጀታውን ሲጨብጥ ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹ ተስተካከለ። የሰንሰለቱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሳሩ ላይ ሦስቱ ጎማዎች ክር የተሳበላቸው ይመስል ሄዱ። አኔኬም ዓይኗን ጨፍናለች፤ እሷ በፍርሃት። ቀጥ አሉ፣ ቀጥ አሉ፣ በሁለቱ ዋርካ መሀል አለፉ።

ሰው ጮኸ። ፖኒዲ ጨርቁን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጊያርቲ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ጋሪውን ዞረችው። ጎማውን በእግሯ መታ አደረገችው።

"እንግዲህ ልበ ንጹሑ ጋሪው ነው" አለች። "የማገባውም ጋሪውን ነው።"

የፖኒዲ ፊት ወደቀ። እሷ ግን አኔኬን "እስቲ ጠጋ በይ" ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች።

"ምን ትገተራለህ? ወደ ሰሜን ንዳ። ኢማሙ ከቤቱ ሳይወጣ እንድረስ። ለልጄም የሆነ ሰው ይደውልለት፣ አለዚያ ባቡሩ ባዶ እጁን ይመልሰዋል።"

ፖኒዲ ፔዳሉን ረገጠ። አኔኬ ዓይኗን ገልጣ ወደ ዋርካዎቹ ዞረች። ደብተሯን አወጣች።

"እነዚህ ዛፎች የስንት ዓመት ዕድሜ አላቸው?"

ፖኒዲ ጊያርቲን አያት።

"እኔን ምን ታየኛለህ? እንግዳ ጠይቃሃለች።"

"ስድስት መቶ" አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

"ሰባት መቶ ነው" አለች ጊያርቲ። "አዞው የተቀበረውም እዚሁ ሥራቸው ነው።"

አኔኬ ጻፈችው። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ስምንት መቶ ነው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ግን የሰው ሰርግ አልበጠብጥም።