የቆማ ዜማ በቤተልሔም

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ መካነ ኢየሱስ

ጉጉቱ እንቅልፍ ነሳኝና ዶሮ ሳይጮህ ጫማዬን አሰርኩ። አንባቢዎቼ እናንተ አሁን አዲስ አበባ ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ናችሁ፤ እኔ ግን ከእስቴ ተነሥቼ፣ ስማዳን አቋርጬ፣ ጋይንት ልገባ ነው! እዚያ ቤተልሔም የሚባል ጥንታዊ ደብር አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ የተማረ ሰው እዚያ መምህሩ ፊት አዚሞ ካላስመሰከረ፣ «አዋቂ ነኝ» ቢል የሚሰማው የለም።

የበቅሎዎቹ ጌታ አያ ሙጬ ይባላሉ። በኪራዩ ብዙ ተከራከርንና በመጨረሻ እሳቸው መጀመሪያ ባሉት ተስማማን። ሦስተኛው መንገደኛ ደብተራ ጥበቡ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን በነጠላ የጠቀለለ ጎልማሳ። ቤተልሔም ብዙ ዘመን ተምሮ ሊያስመሰክር ሲል አባቱ ሞቱበትና ክረምቱን እስቴ ከረመ። አባቱ የታወቁ የቆማ ዜማ አዋቂ ነበሩ። ቆማ እዚሁ እስቴ ያለ ደብር ነው፤ ቃሉ ከቤተልሔም ጋር አንድ ሲሆን ዜማው ግን ሌላ ነው። ጥበቡ ክረምቱን ሙሉ ከአባቱ ጓደኞች ጋር በቆማ ሲያዜም ከርሞ አሁን ጉሮሮውን አላመነውም።

«ቆማዋ አፌ ላይ ከመጣችብኝ አለቀልኝ» አለኝ። «የቤተልሔሙ የኔታ ይመልሱኛል። ጉባኤ ተክዬ ማስተማሬም ይቀራል።»

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፤ መንገድ ላይ

እንዴት ያለ አገር ነው! በስተግራችን ጉና ደመናውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ የባቄላው ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። አንድ ገበሬ «እንግዳ አይለፈኝ» ብሎ እቅፍ ሙሉ የባቄላ እሸት ሰጠን። ጥቂት እንደሄድን መሬቱ በድንገት ከፊታችን ተቆረጠ። ታች ገደሉ ውስጥ ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል፤ ከማዶ ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቧል። ደስታዬን መቻል አቃተኝ።

«ደብተራ፣ ለዚህስ አንድ ዜማ ይገባዋል!» ብዬ ጮኽኩ።

ጥበቡ ራሱን ነቀነቀ። አያ ሙጬ ግን ሳቃቸው መጣ።

«ተዉት ጌታው፤ ጉሮሮውን እንደ እርጉዝ ላም ነው የሚጠብቀው!»

ረቡዕ፣ ሲመሻሽ፤ ወገዳ

መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። ከበቅሎዋ ስወርድ እግሮቼ የማን እንደሆኑ ጠፋኝ። ያሳደሩን ባሻ ይርጋ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የጥበቡን አባት ያውቋቸው ነበር። ሽሮው ትኩስ፣ ጠላው ጉሽ ነው፤ እኔ ያለ ይሉኝታ በላሁ። ከእራት በኋላ ባሻ ወደ ጥበቡ ዞሩ።

«የአባትህን ዜማ አሰማኝ፣ ልጄ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ ሲቆጨኝ ነው የከረምኩት።»

ጥበቡ ጠላውን አስቀመጠ። «ይቅር ይበሉኝ ባሻ፣ አሁን አልችልም» ብሎ ምክንያቱን አስረዳ።

ባሻ ግን አልተዋጠላቸውም። «ያባትህ ዜማ አሳፈረህ በለኛ!» ብለው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ጥበቡ ሌሊቱን ሲገላበጥ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም አዘንኩለት።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፤ ቤተልሔም

ከሩቅ ሳየው ትልቅ የሣር ክዳን ቤት ብቻ መሰለኝና «ለዚህ ነው የለፋሁት?» አልኩ። በሩን አልፌ ስገባ ግን አፌን ያዝኩ። በክቡ ቤት ውስጥ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል! በጥርብ ድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ ዘመኑን የሚነግረኝ ያጣሁለት የጥንት ሥራ ነው። እንደ ሕፃን ዙሪያውን እየዞርኩ ግድግዳውን ዳሰስኩ።

ጥበቡ ግቢው ውስጥ ከየኔታ ፊት ቀርቧል። የኔታ ዓይናቸው የደከመ አረጋዊ ናቸው፤ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጣሉ። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ከበዋል። ጥበቡ ጀመረ። ድምፁ የጠራ ነው። አንዱን ክፍል ዘለቀ፣ ሌላውንም ቀጠለ፤ እኔም ተንፈስ አልኩ። ይኸኔ ነው ዜማው በድንገት መንገዱን የቀየረው። እኔ እንኳ ደንቆሮው አወቅሁት። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ። «ይህ ማን ነው?»

ጥበቡ ፊቱ አመድ መሰለ። «አባቴ ናቸው፣ የኔታ። ክረምት ነው የሞቱት።»

የኔታ መቋሚያቸውን መልሰው ተደገፉ።

«አባትህን ከመንገድ አትመልሳቸው» አሉ። «እስከ ፍጻሜው አሰማን። ከዚያ ወደ እኛ ትመለሳለህ።»

ጥበቡ በቆማ አዜመው። እንባው እየወረደ ድምፁ አልተሰበረም። ሲጨርስ ፊቱን በነጠላው ጠረገና ያንኑ ከመነሻው በቤተልሔም ዜማ ጀመረ፤ እስኪፈጽም ድረስ አንዲት ጠብታ ቆማ አልገባችበትም።

«መስክሬልሃለሁ» አሉ የኔታ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ እኔም ከሁሉ በላይ ጮኽኩ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

እኔ በንፋስ መውጫ በኩል የጭነት መኪና ፍለጋ ልሄድ ነው፤ አያ ሙጬ በመጡበት ይመለሳሉ። በቅሎዎቹን ጭነን ስንሰነባበት ጥበቡ እየሮጠ ደረሰብን።

«አያ ሙጬ፣ ወገዳ ሲያልፉ ባሻ ይርጋ ዘንድ ጎራ ይበሉልኝ።»

«ምን ልበላቸው?»

«አባቴ ቤተልሔም ገቡ ይበሉልኝ።»

አያ ሙጬ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያሾፉ የመጡት ሰውዬ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እነግራቸዋለሁ፣ መሪጌታ» አሉና በቅሎዋን ወደ ወገዳ መንገድ አዞሩ።